«እብነ በረድ» የሚባለው ሁሉ እብነ በረድ ነውን?

በከተማችን የግንባታ ዕቃ መደብሮች «እብነ በረድ» የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ድንጋይ ይሰጣል። ድንጋዩ ተወልውሎ እስካብለጨለጨ ድረስ ሻጩም፣ ደላላውም፣ ገዢውም በዚሁ ስም ይስማማሉ። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ለሆቴል ኩሽና ወይም ለቡና ቤት ባንኮኒ «እብነ በረድ» ያስነጠፈ ባለሀብት ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሎሚና ለስላሳ መጠጥ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ደብዝዞ ያገኘዋል። «ተታለልሁ» ብሎ ሻጩን ይከሳል። ሻጩ ግን ላያታልለው ይችላል፤ የሸጠለት እውነተኛውን እብነ በረድ ነውና።

ምክንያቱ ማዕድኑ ነው። እብነ በረድ በአብዛኛው የተሠራው ካልሳይት ከሚባል ማዕድን ነው። ይህም ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት፣ ኖራና ሲሚንቶም የሚመረትበት ነገር ነው። አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይሟሟል። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ የካልሳይት ቦታ 3ኛ ነው፤ ቢላዋ ይጭረዋል። ማግኒዥየም ያለበት ዘመዱ ዶሎማይት ከ3.5 እስከ 4 ይደርሳል፣ አሲድንም ትንሽ ይታገሣል። ግራናይት ግን ሌላ ወገን ነው። ከምድር በታች የቀለጠ አለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ የበዛበት ሲሆን ጥንካሬያቸው 6 እና 7 ነው። ሎሚ አያሸንፈውም።

የእብነ በረድ ታሪክ የሚነሣው ከባሕር ነው። ከባሕር ፍጥረታት ቅሪትም ሆነ ከውሃው በዝቅጠት የተገኘው ካርቦኔት በባሕሩ ወለል ተደራርቦ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። የምድር ቅርፊት ተጋጭቶ ሲታጠፍ ይህ ድንጋይ ወደ ጥልቀት ይቀበራል፤ እዚያ ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት «ይበስላል»። ደቃቅ ቅንጣቶቹ እንደገና አድገው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ወልዋይ ማሽን ሲያልፍበት የሚያበራውም ስለዚህ ነው።

ይህ ልዩነት ለማዕድን ባለሀብቱ የገንዘብ ጉዳይ ነው። በአገራችን እብነ በረድ የሚገኘው ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ፣ በበሰሉ ጥንታዊ አለቶች ውስጥ ነው፦ በወለጋና በመተከል በኩል በምዕራብ፣ በትግራይ በሰሜን። በገበያው ስሙ የታወቀው ዳለቲም የምዕራቡ ልጅ ነው። በዓባይ ሸለቆና በመቀሌ ዙሪያ ያለው ሰፊ የኖራ ድንጋይ ግን ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በአብዛኛው ያን ያህል ሙቀትና ግፊት አልደረሰበትም። ለሲሚንቶ የተመቸ ነው፤ ሙገርና መሰቦ የተቋቋሙትም በዚሁ ሀብት ላይ ነው። እዚያ እብነ በረድ ፍለጋ መውረድ ግን ካፒታል ማባከን ነው።

ቀለሙን የሚሰጡት ከካልሳይቱ ጋር የተቀላቀሉት ባዕድ ነገሮች ናቸው። ንጹሑ ነጭ ነው። ብረት ሲገባበት ይቀላል ወይም ቢጫ ይሆናል፤ ካርቦን ግራጫ ያደርገዋል፤ አረንጓዴውን የሚሰጡት እንደ ሰርፐንታይን ያሉ ማዕድናት ናቸው። ገዢ የሚወደው የቀለም ሥር አንዳንዴ ድንጋዩ የሚሰነጠቅበት መስመርም ነው። ካባ ለመክፈት ያሰበ ሰው ከቀለሙ በፊት ስንጥቁን መቁጠር አለበት፤ የተሰነጣጠቀ ተራራ ትልቅ ብሎክ አይወጣውም።

መደብር ውስጥ ግን ቀላል ፈተና አለ። ከተቆረጠው ፍርፋሪ ጠይቁ። የተወለወለው ፊቱ ላይ የሎሚ ጠብታ ጥቂት ደቂቃ አቆዩ፤ ደብዝዞ ከቀረ ካርቦኔት ነው፣ ካልተለወጠ ግራናይት ሊሆን ይችላል። ሎሚ ግን እብነ በረድን ከኖራ ድንጋይ አይለይም። ለዚህ ፍርፋሪውን ሰብሮ ስብራቱን ማየት ነው፦ እንደ ስኳር የሚያንጸባርቅ ከሆነ እብነ በረድ፣ የፈዘዘና የዛጎል ምልክት የሚታይበት ከሆነ የኖራ ድንጋይ ነው። «ቅባት ተቀብቶበታልና አይጎዳም» የሚለው የሻጭ ቃል ግማሽ እውነት ነው፤ ቅባቱ እድፍ ይከላከላል እንጂ አሲድን አያቆምም።

ለአጓጓዡ ደግሞ ሒሳቡ ይህ ነው፦ አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ 2.7 ቶን ያህል ይመዝናል። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነው 1 ካሬ ሜትር 54 ኪሎ፣ ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ 81 ኪሎ መሆኑ ነው። 20 ቶን የሚጭን መኪና ከመጀመሪያው 370 ካሬ ሜትር፣ ከሁለተኛው ወደ 247 ካሬ ሜትር ብቻ ያመጣል፤ ሳጥኑና መደገፊያው ሳይቆጠር። ከምዕራብ ካባዎች አዲስ አበባ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስላለ፣ ዋጋ በካሬ ሜትር የሚዋዋል ነጋዴ ውፍረቱን ሳያስጽፍ አይፈርምም።