የሥነ ልቦና ሕክምና የሕፃናትን የዕድገት ችግር ለመለየት ያለው ድርሻ

የሦስት ዓመት ሕፃን «እስካሁን አፉን አልፈታም» ተብሎ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ምልክቱ አንድ ቢሆንም መንሥኤው ብዙ ሊሆን ይችላል። የመስማት ጉድለት፣ ኦቲዝም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ወይም የሚያጫውተውና የሚያናግረው ሰው ማጣት ሕፃኑን ዝም ሊያሰኙት ይችላሉ። በቤቱ አቀላጥፎ እየተናገረ በእንግዳ ፊት ግን በጭንቀት ምክንያት ፈጽሞ የማይናገር ሕፃንም አለ። እነዚህን በአንድ አጭር ምርመራ መለየት አዳጋች ነው። በችኮላ የተሰጠ ስያሜ ደግሞ ሕፃኑን ከትምህርትም ከተገቢው ሕክምናም ሊያርቀው ይችላል።

ሕፃን ጭንቀቱን በቃል ባይናገርም በጨዋታው ይገልጸዋል። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን በቀላል ዘዴ አሳይተዋል። ዕድሜው ከ5 እስከ 13 ወር የሆነ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ የሚያብለጨልጭ ምላስ መጫኛ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይቀመጥለታል። ሕፃኑ በመጀመሪያ ያመነታል፤ የእናቱንና የሐኪሙንም ፊት ያያል። ቀጥሎ ዕቃውን አንሥቶ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ይጫወትበታል። በመጨረሻም ይጥለውና ትኩረቱን ወደ ሌላ ነገር ያዞራል። ዊኒኮት ከዚህ ቅደም ተከተል መዛነፍን ትርጉም ያለው ምልክት አድርገው ወስደውታል።

የሥነ ልቦና ሕክምና ይህን ምልከታ በተደጋጋሚ ቀጠሮ ስለሚያካሂደው ሕክምናው ራሱ ምርመራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሊታዩ የሚገባቸው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ሕፃኑ የማረከውን ነገር ለእናቱ በጣቱ ያሳያል ወይ?
2. ባዶ ስኒ ይዞ ቡና እንደሚጠጣ ያስመስላል ወይ?
3. ሲደነግጥ ወደ እናቱ ይጠጋል ወይ?
4. ሰውንና ቦታን ሲላመድ ጠባዩ ይለወጣል ወይ?

በጭንቀት የተያዘ ሕፃን ሲላመድ ብዙውን ጊዜ ጨዋታው ይሰፋል። መስማት የተሳነው ሕፃን ባይናገርም በዓይኑና በእጁ ይግባባል። ኦቲዝም ባለበት ሕፃን ግን ማመልከትና ማስመሰል ከተላመደም በኋላ ውስን ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ይሁን እንጂ ዘርፉ ከራሱ ታሪክ መማር አለበት። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ የኦቲዝምን መንሥኤ ከወላጅ፣ በተለይም ከእናት ስሜት ጋር አያይዘው ነበር። ፎልስታይንና ረተር እ.ኤ.አ. በ1977 በመንትዮች ላይ ያሳተሙት ጥናት ግን የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አመለከተ፤ ተከታይ ምርምሮችም ይህንኑ አጠናክረዋል። ስለዚህ ጨዋታን የምንመለከተው ሕፃኑን ለማወቅ እንጂ እናትን ጥፋተኛ ለማድረግ አይደለም።

የጨዋታ ምልከታ የአካል ምርመራን አይተካም። የሥነ ልቦና ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን አስቀድሞ መስማትን፣ ማየትን፣ የሚጥል በሽታንና የአመጋገብ ሁኔታን ማጣራት፣ የእናቲቱንም የመንፈስ ጤንነት መጠየቅ ይገባል። ከዚያም ሕፃኑን ከእናቱ ጋር ሲጫወት ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ብሎ ማየት፣ ያዩትን መመዝገብና በድጋሚ መቅጠር ያስፈልጋል። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» የሚለው ማጽናኛ ምርመራውን ሊያስቀር አይገባም። ቀድሞ የነበረውን ቃል ወይም ክህሎት ያጣ ሕፃን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ከፍተኛ ተቋም ሊላክ ይገባል። የመጨረሻው ስያሜ እስኪታወቅ ድረስም ቤተሰቡ ሕፃኑን እንዲያናግርና እንዲያጫውት መምከር ከመጀመሪያው ቀን ሊጀመር የሚችል እርዳታ ነው።