ከክፍል መዝገብ እስከ አገር አቀፍ አኃዝ፦ የልማት ክትትል መነሻ በአዲ አርቃይ ወረዳ ምሳሌነት

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማን ካለፈ በኋላ አዲ አርቃይ ይደርሳል። ወረዳው በአንድ ወገን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚያዋስኑ ደጋማ ቀበሌዎችን፣ በሌላው ወገን ወደ ተከዜ የሚያዘነብሉ ሞቃት ቆላዎችን ይዟል። በደጋው ባለ ትምህርት ቤትና በቆላው ባለ ትምህርት ቤት መካከል የመንገዱ ርቀት፣ የእርሻው ወቅት፣ የሚያጠቃው በሽታና የተማሪው መቅረት ምክንያት ሁሉ ይለያያል። እንዲህ ላለ ወረዳ የሚሰጥ አንድ አማካይ ቁጥር እውነቱን ከሚገልጠው ይልቅ የሚሸፍነው ሊበዛ ይችላል።

የልማት ዕቅድ ግን ያለ ቁጥር ሊወጣም ሆነ ሊመዘን አይችልም። ስንት መምህር ይመደብ፣ ስንት መጽሐፍ ይላክ፣ የት ትምህርት ቤት ይሠራ የሚለው ውሳኔ የሚመሠረተው በአኃዝ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ አገር አቀፍ አኃዝ እንዴት እንደሚገነባ ማስረዳትና የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ዐቅም መነሻው በዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን በየክፍሉ መዝገብ ላይ መሆኑን ማሳየት ነው።

የዘላቂ ልማት ግቦችና የመረጃ ጥያቄ

የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በመስከረም 2008 ዓ.ም. 17 የዘላቂ ልማት ግቦችንና በእነርሱ ሥር 169 ንኡሳን ግቦችን አጽድቀዋል። አራተኛው ግብ ትምህርትን ይመለከታል። ከ17ኛው ግብ ሥር ካሉት መካከል ሁለቱ፣ ማለትም 17.18 እና 17.19፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የስታቲስቲክስ ዐቅማቸውን እንዲያጐለብቱ የሚጠይቁ ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያው መረጃ በገቢ፣ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳትና በመልክዐ ምድራዊ አቀማመጥ ተከፋፍሎ እንዲገኝ ያሳስባል። ኢትዮጵያም የግቦቹን አፈጻጸም የሚገልጥ አገራዊ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2022 አቅርባለች።

በቀላሉ ሲገለጥ፣ ጥያቄው «በአገሪቱ ስንት ልጆች ይማራሉ?» ከሚለው ዐልፎ «የማይማሩት የትኞቹ ናቸው? የትስ ይገኛሉ?» ወደሚለው ተሸጋግሯል። ለዚህኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ መውረድን ግድ ይላል።

የቆጠራ አጭር ታሪክ

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 ከተቋቋመ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ስሙና አደረጃጀቱ ሲለወጥ ቆይቶ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ተካሂደዋል።

የመጀመሪያው በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተደረገ ሲሆን፣ የአገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ኤርትራን ጨምሮ ወደ 42.6 ሚሊዮን እንደሚሆን አመልክቷል። ይሁን እንጂ ቆጠራው በቀጥታ ያዳረሰው ከሕዝቡ 81 በመቶ ገደማውን ነበር፤ በጸጥታ ችግር ምክንያት በተለይ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሰፊ የገጠር አካባቢዎች በግምት ተሞልተዋል። ሁለተኛው በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ተካሂዶ ወደ 53.5 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ተጀምሮ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተጠናቆ ወደ 73.8 ሚሊዮን ሕዝብ መዝግቧል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ከታቀደ በኋላ ተላልፏል፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንደገና እንዲራዘም ወስኗል። ከዚህም የተነሣ ለዕቅድ የሚያገለግለው የወረዳ ሕዝብ ቁጥር የ1999 ዓ.ም. ቆጠራን መነሻ ያደረገ ትንበያ ሆኖ ቆይቷል።

በዚህ ላይ የአስተዳደር ወሰን ለውጥ ይጨመራል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,929,628 ሕዝብ የተመዘገበበት የሰሜን ጎንደር ዞን ከቆጠራው በኋላ ለሰሜን፣ ለማዕከላዊና ለምዕራብ ጎንደር ዞኖች ተከፍሏል። አዲ አርቃይ ዛሬ የሚገኘው ዋና ከተማው ደባርቅ በሆነው ሰሜን ጎንደር ዞን ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም የያኔው ዞንና የአሁኑ ዞን አንድ አይደሉም። የሁለቱን ዘመን አኃዝ ወሰኑን ሳያስተካክል ጐን ለጐን ያስቀመጠ ዕቅድ አውጪ ሕዝቡ በድንገት የቀነሰ ይመስለዋል።

ላዕልና ታሕት

የትምህርት ተሳትፎ መጠን እንደማንኛውም ክፍልፋይ ላዕልና ታሕት አለው። በጥቅል ተሳትፎ ስሌት፣ ላዕሉ በማናቸውም ዕድሜ ላይ ያሉ በደረጃው የተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር ሲሆን፣ ታሕቱ ለደረጃው በተወሰነው ዕድሜ የሚገኙ የአካባቢው ልጆች ቁጥር ነው። በንጥር ተሳትፎ ስሌት ደግሞ ላዕሉ የሚይዘው በተወሰነው ዕድሜ ያሉትን ተማሪዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅል ተሳትፎ ከ100 በመቶ ሊበልጥ ሲችል፣ ንጥር ተሳትፎ በትክክል ከተሰላ ሊበልጥ አይገባውም።

ላዕሉ የሚመጣው ከትምህርት ቤት ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር የመዘገበው በርእሰ መምህሩ ተጠቃሎ በዓመታዊው የትምህርት ስታቲስቲክስ ቅጽ ላይ ይሞላል፤ ከዚያም በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል ዐልፎ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳል። ታሕቱ ግን የሚመጣው ከሕዝብ ቁጥር ትንበያ ነው። ትንበያው በወሊድ፣ በሞትና በፍልሰት ላይ በተወሰዱ ግምቶች የሚመሠረት በመሆኑ ከቆጠራው ዘመን በራቀ ቁጥር ስሕተቱ ይሰፋል፤ ይህም ከአገር ይልቅ በወረዳ ደረጃ ይጐላል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ወረዳ የተመዘገቡት ተማሪዎች 19,000 ናቸው እንበል። ትንበያው ለትምህርት የደረሱት ልጆች 20,000 ናቸው ካለ ተሳትፎው 95 በመቶ ይሆናል፤ ወረዳውም ግቡን ሊመታ የተቃረበ ይመስላል። በእውነቱ ያሉት ልጆች 24,000 ቢሆኑ ግን ተሳትፎው 79 በመቶ ብቻ ነው። ከትምህርት ገበታ ውጭ የቀሩት 1,000 መሆናቸው ቀርቶ 5,000 ይሆናሉ። በተቃራኒው ሕዝቡ ተፈናቅሎ በወረዳው የቀሩት ልጆች 17,000 ቢሆኑ ተሳትፎው ወደ 112 በመቶ ይወጣል። መምህራኑ የላኩት ቁጥር በሦስቱም ጊዜ ያው ነው፤ ፍርዱን የለወጠው ታሕቱ ነው።

የናሙና ጥናት ወሰን

ቆጠራ በዘገየበት ዘመን ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው የናሙና ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመላ አገሪቱ ከተመረጡ 645 የቆጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን በመጠየቅ ስለ አገሪቱና ስለ ክልሎቹ የሚያስተማምን መረጃ ሰጥቷል። ነገር ግን ናሙናው ለአገርና ለክልል ተብሎ የተቀመረ እንጂ ለእያንዳንዱ ወረዳ አይደለም። ከአንድ ወረዳ የሚወድቅበት ዕጣ አንድ ወይም ሁለት የቆጠራ ቦታ ሊሆን፣ ጨርሶም ላይኖር ይችላል። የአዲ አርቃይን ደጋና ቆላ ለይቶ የሚናገር መረጃ በየቀኑ በቦታው ከሚያዝ መዝገብ በቀር ከሌላ ሊገኝ አይችልም።

የዚህ ዓይነት ምዝገባ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው መንገድ ላይ ይገኛል። በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚካሄደው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራውን ጀምሯል። ማዕከሉ እነዚያኑ ቤተሰቦች በየጊዜው እየጐበኘ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። ቁም ነገሩ የቀበሌዎቹ መብዛት ሳይሆን የክትትሉ ቀጣይነት ነው፤ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደሄደ የሚታወቀው መዝገቡ በየጊዜው ስለሚታደስ ነው።

ስሕተት በየት ይገባል?

የመጀመሪያው የስሕተት በር ዕድሜ ነው። በቆጠራም ሆነ በትምህርት ቤት ዕድሜ በብዛት የሚነገረው በግምት በመሆኑ፣ በ0 እና በ5 የሚያበቁ ዕድሜዎች ከሚገባው በላይ በዝተው ይታያሉ። በትምህርት ቤት ደግሞ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ «7 ዓመት» ተብሎ የመጻፍ ልማድ ካለ ንጥር ተሳትፎው ትርጉም ያጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የክርስትና ቀን የሚያስታውስ ወላጅ ይገኛል፤ የጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ያለውም አለ። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በቀበሌ የሚሰጠው የልደት የምስክር ወረቀትም ዋነኛው ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው የቆጠራው ወቅት ነው። ከደጋማው ጎንደር ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላዎች ሲወርዱ ኖረዋል። በመስከረም የተመዘገበ ልጅ በጥቅምት ክፍል ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ የተወሰነ ቀን የነበረውን ቁጥር ካልሞሉ የአንዱ አኃዝ ከሌላው ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ሦስተኛው ጥቅም ነው። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሥር የትምህርት ቤት ድጎማ የተሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ገንዘብ ቁጥርን በሚከተልበት ቦታ ሁሉ ያቋረጠውን ተማሪ ስም ሳይሰርዙ የማቆየት ፈተና አለ። ይህ ለአንድ ዓመት ጥቂት ብር ያስገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ያቋረጠው ልጅ በወረቀት ላይ እየተማረ ስለሚቆይ ፈልጎ የሚመልሰው አይኖርም።

አራተኛው ባዶ ሣጥን ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ምክንያት ሆኗል። ቅጽ ያልላከ ትምህርት ቤት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል፦ ተማሪ የሌለው፣ የተዘጋ ወይም እያስተማረ ሪፖርቱ ያልደረሰ። ሦስቱም «0» ተብለው ከተጻፉ ወይም የዐምናው ቁጥር ከተገለበጠላቸው፣ እርዳታ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሻው ቦታ ከአኃዙ ውስጥ ይጠፋል።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

በመምህሩ ደረጃ፦ የእያንዳንዱ ተማሪ ዕድሜ በምን ማስረጃ እንደተጻፈ በመዝገቡ ላይ ይመልከት፤ ያቋረጠ፣ የተዛወረና የሞተ በአንድ ቃል «የለም» ተብሎ አይጠቃለል።

በርእሰ መምህሩ ደረጃ፦ ቅጹ ከመላኩ በፊት ጥቂት ቀላል ማመሳከሪያዎች ይደረጉ። የወንዱና የሴቱ ድምር ከጠቅላላው ጋር መስማማቱ፣ የዘንድሮው 2ኛ ክፍል ከዐምናው 1ኛ ክፍል ጋር ሲነጻጸር መመጣጠኑ፣ ደጋሚዎች ሁለት ጊዜ አለመቆጠራቸው ይታይ። የመዝገቡ ግልባጭ በጉድኝት ማዕከሉ ቢቀመጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

በወረዳ ደረጃ፦ ሱፐርቫይዘሩ በጥቂት ትምህርት ቤቶች በድንገት ተገኝቶ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ከመዝገቡ ጋር ያነጻጽር። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከቀበሌው የልደት መዝገብና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መዝገብ ጋር ቁጥሩን ቢያገናዝብ፣ ለአካባቢው ከትንበያው የተሻለ ታሕት ሊያገኝ ይችላል።

በዕቅድ አውጪው ደረጃ፦ እያንዳንዱ መጠን የታሕቱ ምንጭና ዘመን፣ የወሰኑ ሁኔታና ሪፖርት ያላደረጉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ተገልጦ ይውጣ። ከሁሉም በላይ፣ ቁጥሩን ለላከው ትምህርት ቤት ውጤቱ ተመልሶ ይድረሰው። የላከው ቅጽ ምን እንዳስገኘ ያላወቀ መምህር በሚቀጥለው ዓመት በጥንቃቄ የሚሞላበት ምክንያት አይታየውም።

ማጠቃለያ

የስታቲስቲክስ ዐቅም ግንባታ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ኮምፒዩተር፣ የሠለጠነ ባለሙያና ዘመናዊ ስልት ነው። እነዚህ አስፈላጊ መሆናቸው አያከራክርም። ሆኖም የተሻለ መሣሪያ የተሳሳተን ቁጥር በፍጥነት ያደርሰዋል እንጂ አያቀናውም። አዲስ ቆጠራ እስኪካሄድ ድረስ፣ ከተካሄደም በኋላ በሁለት ቆጠራዎች መካከል፣ ስለ አዲ አርቃይና ስለ መሰል ወረዳዎች ሊመሰክር የሚችለው በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የሚጻፈው መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ስሙ በትክክል የሰፈረ ልጅ መጽሐፍ፣ መምህርና መቀመጫ ይታሰብለታል። ስሙ ያልሰፈረ ወይም አቋርጦ ሳለ እንደሚማር የተጻፈ ልጅ ግን በዕቅዱ ውስጥ የለም።