ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የመጋዝ?

“በባንድሶ ምክንያት ጓደኝነታችን ሊፈርስ ነው!” ያለኝ ሰቆጣ ውስጥ ከባልንጀራው ጋር ተበድሮ እንጨት ሥራ የጀመረ ወጣት ነው። ስሙ ይቅርብን። ሁለቱ የሚሠሩት ዘመናዊ የንብ ቀፎ ነው። ዋግ ኽምራ የማር አገር ነውና ገበያ አላጡም። ጣውላው ግን እየተንሻፈፈና እየሻከረ ይቆረጣል። አንዱ “እጅህ ነው” ሲል ሌላው “አንተ ነህ የምትገፋው” ይላል።

ቀፎ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 እንዳስተዋለው፣ በፍሬሙና በሣጥኑ መካከል የሚተወው የንብ መተላለፊያ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ከጠበበ ንቦቹ በፕሮፖሊስ ይደፍኑታል፤ ከሰፋ ሰፈፍ ይሠሩበታል። ያኔ ፍሬሙ አልላቀቅ ይላል!

ታዲያ ምን ይሻላል? ዕድሜያቸውን በሙያው ያሳለፉ አንድ አዛውንት አናጢ ጠይቄ ነበር። “ከመኳረፋችሁ በፊት ቁራጩን እዩት፤ ይናገራል” አሉኝ።

መጀመሪያ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከዚያ ሁለታችሁም በየተራ፣ ያለ መምሪያው፣ በእጅ ብቻ ቁረጡ። የሁለታችሁም ወደ አንድ ጎን ከሸሸ እጅ ነፃ ነው! ምላጩ ወደ ቀኝ ከሸሸ የግራዎቹ ጥርሶች ደንዘዋል ማለት ነው፤ ምናልባት ሚስማር መትተዋል። ይሳሉ ወይም ምላጩ ይቀየር።

የወፍራም እንጨት ቁርጥ መሐሉ ላይ እንደ ሆድ ካበጠ፣ ምላጩ ላልቷል ወይ ደንዟል፣ አለዚያም ቸኩላችሁ ገፍታችኋል። በእኩል ርቀት የሚደጋገም ጭረት ካያችሁ የምላጩን ብየዳ ዳብሱ፤ የተሰበረ ጥርስም ፈልጉ። ሁሉም ፊት ከሻከረ ጥርሱ ትልቅ ነው፤ ቢያንስ 3 ጥርስ ባንድ ጊዜ እንጨቱ ውስጥ መሆን አለበት። የላይኛውን የምላጭ መያዣም ወደ እንጨቱ አስጠጉት። ይህን ሁሉ ስትነኩ ታዲያ ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማሽኑ እስኪቆም ጠብቃችሁ ይሁን!

እርጥብ ባህር ዛፍ ከሆነ ግን መጋዙንም አትውቀሱት። ባህር ዛፍ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው እየተሰነጠቀ ሳለ ይጣመማል። በጥላ ደርቦ ማድረቅ ይሻላል።

ወጣቶች ሆይ! አብራችሁ ስትነግዱ ከእያንዳንዱ ቀፎ ሽያጭ ለምላጭ የሚሆን ጥቂት ብር አስቀድማችሁ ለዩ። ምላጩ ሲደነዝዝ “ማን ይግዛ?” የሚለው ክርክር ነው ብዙውን ሽርክና የሚበላው።