አይሮፕላን ከምድር እንደ ተነሣ ስለ ምን ይወድቃል?

ትንሽ አይሮፕላን ተነሥቶ ወዲያው የወደቀ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ምክንያቱን ከሞተሩ መበላሸት ይፈልጋል። ነገር ግን ሞተሩ በደኅና እየሠራ አይሮፕላኑ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህንንም በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996) በአሜሪካ፣ በዋዮሚንግ ውስጥ፣ ከሻየን ከተማ የተነሣ አንድ ሴስና 177ቢ አይሮፕላን ከመንደርደሪያው ብዙ ሳይርቅ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት የ7 ዓመት ልጃገረድ፣ አባቷና የበረራ አስተማሪዋ ሦስቱም ሞቱ። ጉዞው ልጅቱ አገሩን ከዳር እስከ ዳር በማቋረጥ ከአብራሪዎች ሁሉ በዕድሜ ታናሽ እንድትባል የታሰበ ነበረ።

ብዙዎች ጥፋቱን ሕፃን መሪ በመጨበጧ አሳበቡ። መርማሪዎቹ ግን የበረራው ኀላፊ አስተማሪው እንደ ነበረ ገልጸው፣ ነጐድጓዳማ ዝናም እየቀረበ ሳለ፣ ከተፈቀደው ክብደት 96 ፓውንድ (44 ኪሎ ያህል) አስበልጦ፣ ባልለመደው ቀጭን አየር ለመነሣት መወሰኑን ዋና ምክንያት አድርገዋል።

እነዚህ ነገሮች እንዴት ተባብረው ይጥላሉ? ሻየን ከባሕር ወለል በላይ 1,876 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር ይልቅ ከመቶ 17 እጅ ያህል ይቀጥናል። ስለዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፤ ጉልበቱም ይደክማል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መፍጠን አለበት። ክብደት ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። አይሮፕላኑ አዘንብሎ ሲዞር ደግሞ የክንፉ ሸክም ይበዛል፤ ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ አዘንብሎ ቢዞር ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ሳይበቃ አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀኑት እንደ ሆነ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና የማንሣት ኀይሉ በድንገት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ መድኀኒቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት ማግኘት ነው፤ ገና ለተነሣ አይሮፕላን ግን ለዚህ የሚበቃ ከፍታ የለውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከሻየን በ450 ሜትር ያህል ይበልጣል።

ክብደቱም የአየሩም ቅጥነት አስቀድሞ በእርሳስና በወረቀት የሚሰላ ነው፤ ዝናሙም በዐይን ይታይ ነበረ። ችኰላ ግን በሒሳብ አይገባም። መርማሪዎቹም ጋዜጠኞች የሚጠብቁትን የጉዞ ሰዓት ለማድረስ የነበረውን ፍላጎት ከረዳት ምክንያቶች ቈጥረውታል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በወጣው ሕግ የአብራሪነት ፈቃድ የሌለው ሰው ለክብረ ወሰን ብሎ መሪ እንዳይጨብጥ ተከለከለ። ሆኖም ሕጉ ለልጆች ቢወጣም፣ ዝናሙ እስኪያልፍ መጠበቅ ይገባው የነበረው ፈቃድ ያለው ትልቅ ሰው እንደ ነበረ ልንዘነጋ አይገባንም።