የራስ ጆሮና የባልንጀራ ጆሮ

ሰው ጣዕምን በምላሱ፣ ሽታን በአፍንጫው፣ ዜማን በጆሮው ይለያል። ማር የቀመሰ ሰው ጣፋጭ መሆኑን ያውቅ ዘንድ የጎረቤቱን ፊት አይመለከትም፤ ሬት የቀመሰም መራራነቱን ለማወቅ ምስክር አይጠራም። በዜማ ነገር ግን ብዙ ሰው እንዲህ አያደርግም። አዲስ ዜማ በሰማ ጊዜ አስቀድሞ የባልንጀሮቹን ፊት ይመለከታል፤ እነርሱ ፈገግ ቢሉ እርሱም ፈገግ ይላል፤ እነርሱ ቢያፌዙ እርሱም ያፌዛል። በአንደበቱ «ይህን ዜማ እወዳለሁ» ይበል እንጂ፥ የወደደው ዜማውን ሳይሆን ባልንጀሮቹን ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ በትምህርት ቤት ይታያል። ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት የመጣ አንድ ልጅ ይታሰብ። በአገሩ ሳለ በሠርግ ቤት የሚመታውን ማሲንቆ፣ በመስክም የእረኛውን ዋሽንት ይወድ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግን «አራዳ» የሚባሉት ተማሪዎች በዚያ ዓመት ከወጣው ዘፈን በቀር ሌላ አያመሰግኑም፤ ያን ዘፈን የማያውቀውንም «ፋራ» ይሉታል። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ይላል። በሁለተኛው ሳምንት የዘፋኞቹን ስም ያጠናል። በሦስተኛው ወር ማሲንቆ ሲመታ በሰማ ጊዜ ከሌሎቹ ጋራ ይስቃል። በሦስት ወር ውስጥ ጆሮው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምላሱ ነው። ውሃ ሊቀዳ ብቻውን ወደ ወንዝ በወረደ ጊዜ፥ የሚሰማው ሰው አለመኖሩን አይቶ የሚያንጎራጉረው ያንኑ የሠርጉን ዜማ ነውና።

እንዲህ ያለውን ልጅ ሞኝ ነው ማለት አይገባም። ሰው ከሰው ጋራ ሊኖር የተፈጠረ ስለሆነ፥ ከማኅበር መለየትን ይፈራል። ደግሞም የማያውቁትን ነገር ብዙዎች እንደሚያደርጉት ማድረግ ብዙ ጊዜ ብልኅነት ነው። መንገደኛ ከማያውቀው ወንዝ በደረሰ ጊዜ መልካውን የሚለየው በሰውና በከብት ዱካ ነው። ብዙ ዱካ ባለበት ይሻገራል፤ በደኅናም ይወጣል። ነገር ግን በመልካው ላይ ያለው ዱካ የውሃውን ጥልቀት በእግራቸው የፈተኑ ሰዎች ዱካ ነው። በዜማ ነገር የሚታየው ዱካ ግን፥ ራሳቸው ዱካ ተከትለው የመጡ ሰዎች ዱካ ሊሆን ይችላል።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በፈተና ታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማቴው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት፥ በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያደረጉትን ፈተና በ2006 ዓ.ም. አሳተሙ። ስማቸው ካልታወቀ የሙዚቃ ጓዶች 48 ዘፈኖችን ሰበሰቡ፤ በኢንተርኔት አማካይነትም ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች እንዲያዳምጡአቸውና የወደዱትን ለራሳቸው እንዲወስዱ አደረጉ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ክፍል ሌላው ሰው የወሰደውን ሳያይ፥ በገዛ ጆሮው ብቻ መረጠ። የቀሩትን ግን በስምንት ማኅበር ከፈሉአቸው። በየማኅበሩ ያለው ሰው፥ ከእርሱ በፊት በዚያው ማኅበር ስንት ሰው የትኛውን ዘፈን እንደ ወሰደ በቁጥር ያይ ነበር። አንዱ ማኅበር ግን የሌላውን ማኅበር ቁጥር አያይም፤ የሁሉም ቆጠራ የተጀመረው ከባዶ ነው።

እንግዲህ ሰዎቹ የመረጡት በጆሮአቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በስምንቱም ማኅበር አንደኛ የሚወጣው ዘፈን አንድ በሆነ ነበር። እንዲህ ግን አልሆነም። ከዘፈኖቹ አንዱ በገዛ ጆሮአቸው በመረጡት ሰዎች ዘንድ ከ48 መካከል 26ኛ ሆኖ ነበር። ያው ዘፈን በአንዱ ማኅበር 1ኛ ወጣ፤ በሌላው ማኅበር ደግሞ 40ኛ ሆነ። ዘፈኑ አልተለወጠም፤ ዘፋኙም ያው ነው። ልዩነቱ የመጣው በመጀመሪያ የገቡት ጥቂት ሰዎች በአጋጣሚ አንዱ ይህን፥ ሌላው ያን ስለ ወሰዱ ነው። ቀጥለው የመጡት ቁጥሩን አይተው ወደዚያው አዘነበሉ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡትም ከፍ ያለውን ቁጥር አይተው የባሰ አዘነበሉ። በመጨረሻ ያ ዘፈን የተወደደበትን ምክንያት ሰው ቢጠየቅ «መልካም ስለሆነ ነው» ይል ነበር፤ በሌላው ማኅበር ያለውም ሰው ያንኑ ዘፈን የናቀበትን ምክንያት ቢጠየቅ «መልካም ስላልሆነ ነው» ይል ነበር።

ይሁን እንጂ ጆሮ ጨርሶ ሥራውን አልተወም። በገዛ ጆሮአቸው በመረጡት ዘንድ እጅግ የተመሰገኑት ዘፈኖች በየማኅበሩ ወደ መጨረሻ የወረዱት ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ እጅግ የተነቀፉትም ወደ ላይ የወጡት እንዲሁ ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በመካከል ያሉት ግን የትም ሊደርሱ ቻሉ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ሳልጋኒክና ዋትስ ሌላ ፈተና አሳተሙ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ገልብጠው፥ የተናቀውን ዘፈን ተወዳጅ፣ ተወዳጁን የተናቀ አስመስለው አሳዩ። ብዙ ሰው ሐሰቱን ተከተለ። ከመልካሞቹ ዘፈኖች አንዳንዶቹ ግን ቀስ በቀስ ወደ ስፍራቸው ተመለሱ። ሌላም ነገር ታየ፤ በሐሰት ቁጥር የተመሩት ሰዎች ካልተታለሉት ይልቅ ጥቂት ዘፈን ወሰዱ። ሰው ጆሮው ወደማይወደው ነገር ዘወትር በተመራ ጊዜ፥ ለዜማ ያለው ፍቅር ራሱ ይቀንሳል ማለት ነው። ከፈተናው ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ይመስላል።

ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው የወደደው ዜማ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ብዙዎች የሚወዱትን ሁሉ የሚጠላ ሰውም አለ፤ ራሱን ከሕዝብ የተለየ አድርጎ ይቆጥራል። ነገር ግን ብዙዎች ወደ ቀኝ ሲሄዱ እያየ ወደ ግራ የሚሄድ ሰው፥ መንገዱን የመረጡለት እነዚያው ብዙዎች ናቸው።

ከውጭ የመጣውንም መውደድ ነውር አይደለም። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው የአርመን ልጆች የናስ መለከት ሲነፉ ሰምተው ደስ ስላላቸው፥ 40 የሚሆኑትን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። የልጆቹ የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። ለባላገሩ ጆሮ ይህ ድምፅ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን የአገሩ ልጆች መለከቱን ተማሩ፤ ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በመለከት ነፉ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ዘፈን በመለከት ሲታጀብ እንግዳ ነገር ነው የሚል የለም። ጆሮ ይማራልና። ስለዚህ አንድን ዜማ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ «አልወደድሁትም» የሚል ሰው ገና አልፈረደም። ደግሞ ደጋግሞ፥ በተለይም ብቻውን ሆኖ ሊሰማው ይገባል። ደስ ያሰኘው ቅኝቱ እንደሆነ፣ ምቱ እንደሆነ፣ የዘፋኙ ድምፅ ወይም ግጥሙ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ አንዳች መልስ ያገኘ ሰው፥ ሌላው ቢስቅበት እንኳ የሚናገረው አያጣም። መልስ ያጣ ሰው ግን ምናልባት የሰማው ዜማውን ሳይሆን የባልንጀሮቹን ጭብጨባ ይሆናል።

በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም ስለነበረው ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን ኢትዮጵያዊ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፥ ንጉሡ በዜማው ልቡ ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙም ፈሰሰ። ዘማሪውም ንጉሡም እስከ ዜማው ፍጻሜ ድረስ ይህን አላወቁም ይባላል። በዚያ ሰዓት ንጉሡ መኳንንቱ ይህን ዜማ ይወዱት እንደሆነ ለማየት ዘወር አላለም፤ ዘወር ቢል ኖሮ ደሙን ባየ ነበር።

ሰዎች የሚወዱትን ዜማ በማፈር ሲተዉ ምን እንደሚጠፋ፥ የሃንጋሪ ሰው የቤላ ባርቶክ ነገር ያሳያል። ባርቶክ በ1881 ዓ.ም. ተወልዶ በቡዳፔስት ከተማ ሙዚቃ ተማረ። በዚያ ዘመን በከተማው የተማረ ሰው ከፍ ያለ ሙዚቃ የሚለው የጀርመንን ሙዚቃ ነበረ፤ የአገር ሙዚቃ የሚለው ደግሞ በቡና ቤት የሚጫወቱት ጓዶች የሚያሰሙትን፥ የከተማና የመኳንንት ሰዎች ያዘጋጁትን ዘፈን ነበረ። ገበሬው በመንደሩ የሚዘፍነውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ1904 ዓ.ም. ባርቶክ በገጠር ተቀምጦ ሲሠራ፥ ሊዲ ዶሻ የምትባል ከትራንሲልቫንያ የመጣች ወጣት ሞግዚት በአጠገቡ ባለው ክፍል ስትዘፍን ሰማ። ዜማው በከተማ ከሚሰማው ሁሉ ልዩ ነበረ። ባርቶክ ያን ዜማ ጻፈው፤ ሌላም የምታውቀውን እንድታሰማው ለመናት።

ከዚህ በኋላ ከባልንጀራው ከዞልታን ኮዳይ ጋራ፥ ድምፅ በሰም ላይ የሚቀዳ መኪና ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። በ1906 ዓ.ም. ሁለቱ ሃያ የገበሬ ዘፈኖችን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉ ግን ቶሎ የሚሸጥ አልሆነም። የከተማው ሰው የገበሬ ዘፈን በቤቱ ሲዘፈን መሰማቱን አልፈለገም።

በጣም የሚያስገርመው ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው ማፈራቸው ነው። በ1907 ዓ.ም. ባርቶክ በትራንሲልቫንያ ሲዞር ለአንዲት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፥ ከአንዲት የገጠር ሴት ጋራ የተነጋገረውን እያሣቀ ተርኮላታል። ባርቶክ የጥንት ዘፈን እንድታሰማው ይለምናታል፤ እርስዋ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ታሰማዋለች። ይህ አይደለም ሲላት፥ ከከተማ የመጣውን አዲስ ዘፈን ታመጣለታለች። እንደገና ከዚህ የቆየ ሲላት፥ ሌላ የከተማ ዘፈን ታስባለች። ምናልባት እንዲህ ያለ የተማረ ጌታ የአያቶችዋን ዘፈን ፈልጎ ይመጣል ብላ አላመነች ይሆናል። በዚያው ዓመት ግን ባርቶክ ከሽማግሌዎች ዘንድ በአምስት ድምፅ ብቻ የሚዜሙ እጅግ የቆዩ ዜማዎችን አገኘ፤ የኢትዮጵያም ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። እነዚያን ዜማዎች ወጣቶቹ እየተዉአቸው ስለ ነበረ፥ ጥቂት ዓመት ቢዘገይ ብዙዎቹ ከሽማግሌዎቹ ጋራ በተቀበሩ ነበር። (ይህ ዓይነት ማፈር በኢትዮጵያም ያልታየ አይደለም። አዝማሪ ጠርተው ሌሊቱን ሙሉ ሲደሰቱ ያደሩ ሰዎች፥ በማግሥቱ «አዝማሪ» የሚለውን ስም ለስድብ ያደርጉት ነበር።)

ባርቶክ የገዛ ወገኑን ዜማ ብቻ ሰብስቦ አልቀረም። የስሎቫክንና የሮማንያን ገበሬዎች ዜማ ሰበሰበ፤ በ1913 ዓ.ም. ወደ አልጄርያ፣ በ1936 ዓ.ም. ወደ ቱርክ ሄደ። የሮማንያን ዜማ በመመርመሩ በ1920 ዓ.ም. አገሩን የማይወድ ተብሎ ተወቀሰ። በመጀመሪያ የከተማው ሰው የገበሬን ነገር ወደድህ አለው፤ ቀጥሎ የጎረቤትን ነገር ወደድህ አለው። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1940 ዓ.ም. አገሩን ትቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1945 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሞተ።

ኮዳይ በአገሩ ቀርቶ፥ የሃንጋሪ ልጆች በትምህርት ቤት መዘመርን ሲማሩ በገበሬው ዜማ እንዲጀምሩ ብዙ ደከመ፤ ይህም የአስተማሪነት መንገዱ በብዙ አገር ተከታይ አገኘ። ባርቶክና ኮዳይ የተሸከሙአቸው ሰሞች ዛሬ በቡዳፔስት ቤተ መዘክር ይጠበቃሉ። የመርፌው መፋጨት እየተሰማ፥ ስማቸው በከተማ ያልታወቀ ገበሬዎች በዚያ ሰም ላይ ይዘፍናሉ።