ለአንዷ ልጅ የታዘዘ

ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ሳገለግል እንደ ፕላምፒናት ያከራከረኝ መድኃኒት የለም። ኪኒን ስሰጥ የሚሟገተኝ አልነበረም። ይኼ ግን በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ልጆች የሚታዘዝ፣ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራ ጣፋጭ ነገር ነው፤ 92 ግራሙ አንድ ፓኬት 500 ኪሎ ካሎሪ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ከሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ እናቶች «ምግብ ነው» ቢሉ ምን ይገርማል?

ማዘዝ የሚጀምረው ከክንድ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ባለቀለሙ የመለኪያ ጥብጣብ ቀዩ ላይ ያርፋል። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ጫን አድርጌ እይዛለሁ፤ ስለቀው ስርጉድ ብሎ ከቀረ እብጠት አለ። ቀጥሎ እናቱ እጇን ታጥባ፣ አቅፋ፣ ሳታስገድድ ከፓኬቱ ታቀምሰዋለች። እምቢ ካለ ወደ ቤቱ አልመልሰውም፤ ተኝቶ እንዲታከም እልከዋለሁ። እዚያ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባል ቀለል ያለ ወተት ነው፤ የተጎዳ ሰውነት ብዙ ምግብ ባንዴ ቢጫንበት ልቡ አይችለውም። ይህን ለአያቶች ማስረዳት ነበር የሚከብደኝ። «የራበው ይብላ እንጂ!» ይሉኛል።

አንዲት እናት 7 ኪሎ የምትመዝን ልጇን አምጥታ በቀን 3 ፓኬት ሂሳብ የሳምንቷን ሰጠኋት። ጡት ይቅደም፣ ከዚያ ፕላምፒናት፣ ንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ ስጫት፣ ባዶውን መልሺ አልኳት። በሳምንቱ ባዶዎቹን አንድም ሳታጎድል አመጣች። ልጅቷ ግን ምንም አልጨመረችም። ፓኬቶቹን ሳገላብጣቸው የግማሾቹ ጠርዝ በትልልቅ ጥርስ ተነክሷል።

ተቆጣኋት።

«እታለም፣ አራቱ ቁጭ ብለው እያዩ ለአንዷ ብቻ እንዴት አድርጌ ላጉርሳት?» አለችኝ።

መመሪያው ለሌላ ልጅ አታካፍሉ ይላል። አራቱን የት እንደምታደርጋቸው ግን አይነግራትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ፓኬት ከመቁጠሬ በፊት «ከአንድ ገበታ ስንት ልጅ ይበላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከሷ ጋር ሰዓት መረጥን፤ ትልልቆቹ ከብት ይዘው ሲወጡ፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ ሲጥላቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ 300 ግራም ጨመረች። ባዶዎቹም በቢላ የተቆረጡ ነበሩ፤ ከአንዱ በቀር።

«ይኼስ?» አልኳት።

«እሱ የኔ ነው» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።