«ቅጪው» ከማለታችን በፊት

በነርስነት ባገለገልኩባት ዱከም የማውቃቸውን የኦቲዝም ልጆች እናቶች ከልጁ ይልቅ የሚያደክማቸው የሰው ዓይን ነው። የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲያስደነግጠው ጆሮውን ይዞ የሚጮኸውን ልጅ አንዱ «ባለጌ ነው፣ ቅጪው»፣ ሌላው «እርግማን ነው» ይለዋል። አንዲት እናት «ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ መሄድ ትቻለሁ» አለችኝ።

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ እርግማንም የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም፤ አይተላለፍም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ሁሉም እናት ግን ማዕከል መክፈት አትችልም፤ ጎረቤት ያስፈልጋታል።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጁ ሲረበሽ አትክበቡት፤ ድምፃችሁን ቀንሱ፤ እናቱን «ምን ላግዝሽ?» በሏት። ቡና ስትጠሯትም «ልጅሽንም ይዘሽ ነይ» ማለትን አትርሱ።